ከሽመል እስከ ሲኖትራክ፦ የጭንቅላት ጉዳት ታሪክ በላስታ ደጋ

ኩልመስክ ላይ አንድ ሰው አናቱን ተመቶ ቢወድቅ ምን ይሆናል? መልሱ በአያቶቻችን ዘመን ሌላ ነበር፣ በጣሊያን ጊዜ ሌላ፣ ዛሬም ሌላ ነው። ከተማዋ ከላሊበላ ወደ ወልዲያ በሚወስደው የደጋ መንገድ ላይ ናት። በላስታ ያለፈው ሁሉ፣ ጦርነቱም መንገዱም፣ በሰው ራስ ላይ ምልክቱን ጥሎ አልፏል።

አብዛኞቻችን የጭንቅላትን ጉዳት የምንለካው በደሙ ነው። የተፈነከተ ሰው ያስደነግጠናል፤ ደም ያልታየበት ግን «ተርፏል» ይባላል። የራስ ቆዳ ደም ሥር የሞላበት ስለሆነ ትንሿ ፍንከታ ብዙ ታደማለች። ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከቅሉ በታች፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው። ከዚህ በታች የምተርከው መሣሪያው እንዴት እንደተለዋወጠ፣ ያ የማይታየውም ነገር እንዴት ቀስ በቀስ እንደታየ ነው። ዓመተ ምሕረቱ የእኛው ነው፤ የውጭውን እ.ኤ.አ. እያልሁ ለይቻለሁ።

ከ1863 ዓ.ም. በፊት፦ ሽመልና ገደል

የላስታ እረኛ ዱላ የሚይዘው ገና በልጅነቱ ነው። ዱላው መንገድ መሪው፣ ጅብ ማባረሪያው፣ ኋላም በድንበርና በግጦሽ ጠብ መከላከያው ነው። በገና ሰሞን ደግሞ ያው ዱላ መጫወቻ ይሆናል። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ስለሆነ፣ የተፈነከተም ሰው ቂም አይዝም፣ ካሣም አይጠይቅም። ከዱላው ሌላ ገደሉ አለ። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጀምሮ አገሩ ገደላ ገደል ነው፤ በቅሎ ያንሸራትታል፣ ድንጋይ ይናዳል። ላሊበላን የጠረቡት ሰዎች ሌሊት ሌሊት መላእክት ያግዟቸው እንደነበር ትውፊቱ ይነግረናል። በወደቀ ድንጋይ ስለተመታ ጠራቢ ግን አይነግረንም።

በሽመል የሚመጣው ጉዳት ሁለት ዋና መልክ አለው። አንደኛው ቅሉ ወደ ውስጥ መሰርጎዱ ነው። ስባሪው አጥንት አንጎልን ይጫናል፤ ቆዳው ተቀድዶ ከሆነም ቆሻሻ ገብቶ ያመረቅዛል። ሁለተኛው ይበልጥ አታላይ ነው። ከጆሮ በላይ ያለው አጥንት ስስ ነው፤ ከውስጡ ተለጥፎ የሚሄደው የደም ቧንቧ ከአጥንቱ ጋር ሊቀደድ ይችላል። የተመታው ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ከዚያ ይነቃል፣ ያወራል፣ አልፎ ተርፎ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ በእግሩ ቤቱ ይገባል። ደሙ ግን ከቅሉ ሥር መቋጠሩን አላቆመም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያንቀላፋል፤ አንደኛው የዓይኑ ብሌን ይሰፋል። ጠዋት ሲቀሰቅሱት አይነሣም። በገጠር «ደህና ሆኖ አምሽቶ ተኝቶ ቀረ» ሲባል የሚሰማው ታሪክ ብዙ ጊዜ ከዚህ የተቀዳ ይመስለኛል። ምክንያቱ በምች ወይም በዓይነ ጥላ ተላክኮ ይቀራል እንጂ ማንም ከትናንቱ ዱላ ጋር አያገናኘውም።

ወጌሻው እጅና እግርን በመጠገን የተካነ ነበር፤ ራስ ላይ ግን እጁ ያጥራል። ቁስሉን አጥቦ በቅቤና በቅጠል ያሽጋል፣ ያስራል፣ ይጠብቃል። ይህ የላስታ ብቻ ድክመት አይደለም። በአባይ ግርጌ፣ ግብፅ ውስጥ፣ ከሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተገለበጠው የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ 48 ሕመምተኞችን ይዘረዝራል፤ 27ቱ ራሳቸውን የተጎዱ ናቸው። ያ ሐኪም እያንዳንዱን ከመረመረ በኋላ ከሦስት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል፤ አክመዋለሁ፣ እታገለዋለሁ፣ ወይም የሚታከም አይደለም። ለብዙዎቹ ከባድ የራስ ጉዳቶች የሰጠው ሦስተኛውን ነው። ወደ ደቡብ ስንወርድ፣ የኬንያ ኪሲዎች ቅል ፍቆ መክፈትን እንደ ሙያ ይዘው ቆይተዋል፤ ወደ እነሱ ይሄድ የነበረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከተመታ በኋላ ራስ ምታት አልለቅ ያለው ነበር።

የተረፈውስ? ሽማግሌ ተቀምጦ ካሣ የሚቆርጠው በሚታየው ነው፤ በደሙ፣ በአጥንቱ፣ በጠፋው ዓይን። ከዓመት በኋላ ሰውዬው ግልፍተኛ ቢሆን፣ ሥራ ጀምሮ መጨረስ ቢያቅተው፣ ወይም የሚጥል በሽታ ቢጀምረው ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለጸበል የሚተው። እንዲህ ያለው ለውጥ ከአንጎል ጉዳት ሊመጣ እንደሚችል ዓለም ራሱ የተረዳው ዘግይቶ ነው። ዳግማዊ ራስ አሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠው በሚገዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1848፣ ፊኒያስ ጌጅ የተባለ አሜሪካዊ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። አልሞተም፤ ተራመደ፣ ተናገረ። ወዳጆቹ ግን ሰውየው የቀድሞው ሰው አይደለም አሉ። ትዕግሥቱ ጠፍቶ፣ አፉ ተበላሽቶ ነበር። የሰው ጠባይ በግንባር በኩል ካለው የአንጎል ክፍል ጋር መያያዙ በሰፊው መነገር የጀመረው በእሱ ምክንያት ነው።

ከ1863 እስከ 1922 ዓ.ም.፦ ጥይት

ለላስታና ለዋግ ሰው የመሣሪያው መለወጥ ቀን አለው። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዋግሹም ጎበዜ፣ በንግሥና ስማቸው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ዐድዋ አጠገብ አሰም ላይ ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ተጋጠሙ። በሰው ብዛት የላስታው ንጉሥ ይበልጡ ነበር። ካሣ ግን የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከመቅደላ ሲመለስ የተወላቸው መድፍና ጠመንጃ በእጃቸው ነበር። ብዛት በእሳት ተሸነፈ፤ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ።

ዱላ አጥንት ይሰብራል። ጥይት አጥንቱን፣ ጨርቁንና ፀጉሩን ይዞ አንጎል ውስጥ ይገባል፤ በሚያልፍበትም መንገድ ዙሪያ ከራሱ ውፍረት የሚበልጥ ሥጋ ያደቅቃል። አንጎል ላይ ደግሞ ቦታው ሁሉንም ይወስናል። በግራ በኩል ያለፈች ጥይት ብዙ ጊዜ ንግግርንና ቀኝ እጅን ትወስዳለች፤ ከኋላ ያለፈች ዓይኑ ሳይነካ ሰውን ታውራለች።

ከ1888ቱ የዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገቡ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በስፍራቸው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ቆመ። ያም ሆኖ በዚያ ዘመን የትኛውም ሐኪም፣ ሩሲያዊም ቢሆን እንግሊዛዊ፣ አንጎል ውስጥ ለገባ ጥይት የሚያደርገው እምብዛም አልነበረም። ለውጡ የመጣው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። አሜሪካዊው ሃርቪ ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ ቁስሉን በአንድ ጊዜ በደንብ አጥቦ፣ የሞተውን ሥጋና ስብርባሪውን አውጥቶ መዝጋትን ሲያስለምድ፣ ከግማሽ በላይ የነበረው የሞት መጠን ወደ ሲሶ ገደማ ወረደ። ከላስታ አዲስ አበባ ድረስ ግን መንገዱ የሳምንታት የበቅሎ ጉዞ ነበር።

ከ1922 እስከ 1933 ዓ.ም.፦ ከሰማይ የወረደ

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ፣ በሸፈቱት በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ የመንግሥት አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። ለሰሜኑ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነበር፤ አምስት ዓመት ተኩል ሲሞላ ግን የየዕለት ነገር ሆነ። ኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ያካሂዱት የነበረው ሆስፒታልም ተመታ። የካቲት ላይ ቆቦን አልፎ ኮረም አጠገብ የሰፈረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ድንኳን በተራው ተደበደበ። በማይጨው ከተሸነፉ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ ላሊበላ ገብተው ጸልየዋል። የተበተነው ሠራዊትም በደጋው በኩል አለፈ።

ቦምብ ያመጣው አዲስ ጉዳት ቁስል የሌለው ጉዳት ነው። የፍንዳታው ግፊት እንደ ሞገድ ቅሉን አልፎ አንጎልን ይንጣል። ሰውየው ጭረት ሳይኖርበት ጆሮው ይጮኻል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ትናንት የሆነውን አያስታውስም፣ ሌሊት እንቅልፍ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1915 እንግሊዛዊው ቻርልስ ማየርስ ይህን በሕክምና መጽሔት ሲጽፍ ነገሩ የአንጎል ነው ወይስ የፍርሃት የሚል ክርክር ተነሣ፤ ብዙ ወታደሮችም በፈሪነት ተፈርዶባቸዋል። የእኛ አርበኛ ተከራካሪ ሐኪም እንኳ አልነበረውም። ከጦሩ የተመለሰና የቀወሰ ሰው ወይ ጸበል ነው መድረሻው፣ ወይ ጎዳና። ጣሊያን በወረራው ዘመን አዲስ አበባ ላይ የአማኑኤልን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕመምተኞች ቢጀምርም ያ ለላስታ ሰው ሌላ አገር ማለት ነበር።

ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ አንድ ዓመት፣ ሁለት ነገር

ጣሊያን ሲወጣ የአስፋልቱን መንገድ ትቶ ሄደ። ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልዲያ ወደ አስመራ የሚዘልቀው መንገድ ላስታን ከሥር ይነካታል እንጂ አይወጣባትም፤ ደጋው ገና የበቅሎ አገር ነው።

1949 ዓ.ም. ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ግንቦት ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ የሐረሩ መስፍን ልዑል መኮንን፣ በመኪና አደጋ ሞቱ። በመታሰቢያቸውም የተጀመረው ትልቅ ሆስፒታል በ1960ዎቹ ሥራ ጀምሮ፣ ከአብዮቱ በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን የነበረውን የአርበኞች ማኅበር ስም ወርሶ ጥቁር አንበሳ ተባለ። የአገሪቱ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች በኋላ የሚሠለጥኑበት ቤት መጀመሪያ የታነጸው በመኪና አደጋ ለሞተ ሰው መታሰቢያ ነበር።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። አንቀጽ 538 ከባድ የአካል ጉዳትን ሲተረጉም ከአካል ጋር የአእምሮን ጤና ለዘለቄታው የጎዳንም አስገባ። ሽማግሌው በዓይኑ የማያየውን ጉዳት ሕጉ በወረቀት ላይ አየው። ወረቀቱ ላስታ ደርሶ ዳኛ ፊት መዋሉ ሌላ ነገር ነው። ሐኪም ካልመሰከረ ዳኛ አይፈርድም፤ ሐኪሙ ደግሞ የለም።

በውጭ አገር በእነዚህ ዓመታት የተገኘው ትልቁ መድኃኒት ባርኔጣ ነው ብል አላጋነንሁም። እ.ኤ.አ. በ1935 «የዐረቢያው ሎሬንስ» የሚባለው እንግሊዛዊ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ፣ ስድስት ቀን ራሱን ስቶ ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ነበር። ኬርንስ ነገሩን አልተወውም። የወታደር መልእክተኞችን ሞት መዝግቦ፣ የራስ ቁር ያደረገ ሞተረኛ ምን ያህል እንደሚተርፍ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳተመ፤ ሠራዊቱም በዚያው ዓመት ቁሩን ግዴታ አደረገ።

ከ1966 እስከ 1994 ዓ.ም.፦ መኪናው ደጋ ሲወጣ

አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ስኮትላንድ ግላስጎው ውስጥ ግሬሃም ቲዝዴልና ብራያን ጄኔት አንድ ቀላል መለኪያ አወጡ። ዓይኑን ይከፍታል? 4 ነጥብ። ይናገራል? 5። ሲታዘዝ ይንቀሳቀሳል? 6። ሲደመር ከፍተኛው 15 ነው፤ ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8ና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ነው። ዝቅተኛው 3 ነው። ማሽን አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም፤ የኩልመስክ ነርስ በኩራዝ ብርሃን ልትሠራው ትችላለች። ከዚህ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ አንጎል በሲቲ ስካን አንሥቶ ነበር። ከቅሉ ሥር የተቋጠረ ደም በሕይወት ባለ ሰው ላይ በግልጽ የሚታይበት ዘመን በዚህ ተከፈተ። ሲቲ ስካኑ ወደ እኛ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጀበት፤ ከደረሰም በኋላ ለረጅም ጊዜ ከአዲስ አበባ አልወጣም።

በደርግ ዘመን ቻይናዎች የወልዲያን–ወረታን መንገድ ሠሩ፤ ጋሸና ላይ የሚገነጠለውም ወደ ላሊበላ አደረሰ። ከመንገዱ ጋር እህልም፣ ክትባትም፣ ቱሪስትም መጣ። የደጋው ጥምዝ ግን መኪና ሲገለበጥበት ሌላ ዓይነት ጉዳት አወጣ። መኪና ከዱላ የሚለየው በፍጥነቱ ነው። ሰውነት ድንገት ሲቆም አንጎል በቅሉ ውስጥ ወደፊት ይሄዳል፤ ከፊት ይጋጫል፣ ተመልሶ ከኋላ ይላተማል፤ ስለዚህ የተመታው ግንባሩ ሆኖ ማጅራቱ በኩል ያለው አንጎል ሊበልዝ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ጥምዘዛው ነው። አንጎል ሲሽከረከር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚዘረጉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይበጣጠሳሉ። ሐኪሟ ሳቢና ስትሪች ይህን በማይክሮስኮፕ አይታ እ.ኤ.አ. በ1956 ስትጽፍ ምሥጢሩ ተፈታ፤ አጥንቱ ያልተሰበረ፣ ደም ያልፈሰሰው ሰው ወር ሙሉ ሳይነቃ የሚቆየው ለምንድን ነው የሚለው። እንዲህ ላለው ሰው የሚቀደድ ነገር የለም፤ ቀዶ ጥገና አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ትንፋሽ መጠበቅ፣ ምግብ፣ ማገላበጥና ጊዜ ነው። ከነቃም በኋላ መራመድን እንደ ሕፃን መማር ይኖርበታል።

የዚህን ዘመን ጦርነት በአጭሩ ልለፈው፤ ዋግና ላስታ ደርግን የሚወጉት የኢሕዴን ታጋዮች መነኸሪያ ስለነበሩ ቦምቡም ጥይቱም አልቀረላቸውም።

ከ1995 እስከ 2012 ዓ.ም.፦ የሠለጠነ እጅ

1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ተጀመረ፤ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች። ዋና ሥራቸው እናቶችና ሕፃናት ቢሆኑም፣ ገጠሬው የተመታ ሰው ይዞ የሚሮጥበት የመጀመሪያ ደጃፍ አገኘ። በ1998 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ጀመረ። እስከዚያ የዚህ ሙያ ሐኪሞች በአገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ውጭ ተምረው የሚቀሩት ይበዛሉ፤ እዚሁ መማር ያንን ለወጠው። ዛሬ ተመራቂዎቹ በደርዘን ይቆጠራሉ፤ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ቢሆኑም በክልል ከተሞችም አሉ።

ከዚህ ሕክምና የተጠቀሙት ሁልጊዜ ጎልማሶች አይደሉም። ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ይኮማተራል፤ በአንጎልና በቅሉ መካከል ያሉት ደም ሥሮች ይወጠራሉ። በደጁ አዳልጦት ግድግዳ የገጨ አባት ያን ቀን ምንም አይሆንም። ከሳምንታት በኋላ ግን ይረሳል፣ እግሩን ይጎትታል፣ ሽንቱ ያመልጠዋል። ቤተሰቡ «ጃጁ፣ ዕድሜ ነው» ይላል። ደሙ በዝግታ ተቋጥሮ ነው። ቅሉን በትንሹ በስቶ ማፍሰስ ብቻ ስንቱን አባት ከአልጋ አስነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ስሞ እንዲመለስ አድርጓል። ከጭንቅላት ጉዳቶች ሁሉ ይህን ያህል የሚክስ ሕክምና አላውቅም።

ቀላሉም ጉዳት ሙሉ በሙሉ ቀላል አይደለም። አብዛኛው የጭንቅላት ጉዳት ከዚህ ወገን ነው። ሰውየው ለአፍታ ራሱን ይስታል ወይም ይደነዝዛል፤ በሲቲ ስካን ምንም አይታይም። ራስ ምታት፣ መርሳት፣ ብርሃን መጥላት፣ ቶሎ መቆጣት ለሳምንታት ይከተሉታል። ቢያርፍ ይሻላል፤ ሳይሻለው ዳግመኛ ቢመታ ግን ይብሳል። ደጋግሞ መመታት የሚያመጣውን ሃሪሰን ማርትላንድ በቦክሰኞች ላይ እ.ኤ.አ. በ1928 ጽፎት ነበር።

መንገዱም እየተጨናነቀ ሄደ። ቅጥቅጥ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ ከተሜው «ቀይ ሽብር» የሚለው ሲኖትራክ፣ በየገጠሩ ሞተር። የ2003ቱ የትራፊክ ደንብ ሞተረኛ የራስ ቁር እንዲያደርግ አዘዘ። ቁሩ ግን ብዙ ጊዜ ከራስ ላይ ይልቅ ከመሪው ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ከኋላ የተፈናጠጡት ሁለት ሰዎች ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። ዱላውም አልተወንም፤ በአማራ ክልል ሆስፒታሎች ጭንቅላቱን ተጎድቶ ከሚመጣው ብዙው አሁንም በዱላና በድንጋይ የተመታ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፦ የተቆረጠው ሰንሰለት

ከኩልመስክ ራሱን የተጎዳ ሰው ጤና ጣቢያ ይደርሳል፣ «ሪፈር» ተብሎ ላሊበላ ወይም ወልዲያ ይሄዳል፣ ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ፣ ወልዲያም ስትያዝ፣ በጥቅምት 2014ም ደሴ ስትከተል፣ የሰንሰለቱ ቀለበቶች በየተራ ተቆረጡ። ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ መብራትና ስልክ ለወራት ጠፉ። ከታኅሣሥ 2014 በኋላ ሆስፒታሎቹ ቢከፈቱም፣ በ2015 መጨረሻ በክልሉ የተጀመረው ግጭት መንገዱን ደጋግሞ ዘጋው። በዚህ ጊዜ ጥይቱ፣ ፍንዳታውና ዱላው ሁሉም በአንድነት ያሉ ሲሆን፣ አምቡላንስ መቼ እንደሚያልፍ የሚያውቅ ግን የለም።

ጦርነቱ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ከ12 ሺህ በላይ ሕመምተኞች የተካተቱበት ዓለም አቀፍ ጥናት ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት ለተመታ ሰው በ3 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ቀላልና መካከለኛ ጉዳት ያለባቸውን ሞት እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ተስፋ ተደርጎ ከሽፏል፤ ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው ስቴሮይድ እ.ኤ.አ. በ2004 ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተፈትኖ ገዳይ ሆኖ ተገኘ። አዲሱ መድኃኒት ውድ አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳቸው እናቶችም የሚሰጠው ያው ነው፤ ስለዚህ መደርደሪያው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነው። ሦስቱ ሰዓት የሚቆጠረው ግን ሰውየው ኩልመስክ ላይ ከተመታበት ደቂቃ ጀምሮ ነው፤ ወልዲያ ሆስፒታል በር ላይ ከወረደበት አይደለም።